በአድማ ቀን የተገዛ አቡጀዲ

እኔ ፈሪ ነኝ። ደብረ ታቦር ውስጥ ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ፤ ሰላማዊ ሰልፍ መብት ነው እያልኩ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ሰው ተሰብስቦ ሲጮኽ ግን መንገድ ቀይሬ እሄዳለሁ። ያም ሆኖ የዘር ወቅት ደርሶ ማዳበሪያ ሲጠፋ፣ ወንድሞቼ ገበሬዎች ናቸውና እኔም ሰልፍ ወጣሁ። ከነገ ጀምሮ ሱቅ ሁሉ ይዘጋ ሲባልም አጨበጨብኩ።

በማግስቱ ጠዋት አማቴ አረፉ። ለመገነዣ የሚሆን አቡጀዲ ከየት ይምጣ? ጎረቤታችን ጨርቅ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ሐጂ እንላቸዋለን። በጓሮ ዞሬ አንኳኳሁ።

«ዛሬ? ትናንት አብረሃቸው ስትጮኽ አይቼህ የለ? ልታስፈጀኝ ነው ልጄ?» አሉ። ቁልፋቸውን አንስተው «ሬሳ ማቆየት ነውር ነው» አሉና ወደ ሱቁ አስገቡኝ። መብራት ስለሌለ የሱቁን በር ገርበብ አድርገው በክንዳቸው ይለኩልኝ ጀመር።

የሰልፈኞቹ ጩኸት ሲቀርብ ሰማሁት። ትናንት እኔም ያልኩት መፈክር ነው። የመጀመሪያው ድንጋይ ቆርቆሮውን ሲመታ መቀሱ ከሐጂ እጅ ወደቀ። በሩን ገፍቼ ወጣሁና «በሕግ አምላክ!» አልኩ። በእኛ አገር በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ዱላ አንስቶም ቢሆን ይቆማል። እነሱም ቆሙ።

ከፊት ያለው ጎረምሳ ትናንት ጎን ለጎን አብሮኝ የተሰለፈ ነው።

«መምህር፣ ማዳበሪያውን ያስቀሩብን በሕግ ነው?»

እውነቱን ነው። አቡጀዲውን ዘርግቼ አሳየሁት። ድንጋዩን መሬት አስቀምጦ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ነፍስ ይማር። እርስዎ ይሂዱ፣ ይቅበሩ። ሰውዬው ግን አድማ ሰብሯል።»

«የከፈቱት እኮ ለእኔ ነው።»

«ዛሬ ለሬሳ ከከፈተ ነገ ለስኳር ይከፍታል።»

የሱቁ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። መቆም አቅቶኝ እንጂ ጀግኜ አይደለም። ቤት ሬሳ ይጠብቀኛል፤ የሚቀጥለው ድንጋይ ጭንቅላቴ ላይ ነው እያልኩ የሁሉንም እጅ አያለሁ። ጎረምሳው አየኝና «እንሂድ» አላቸው። ሲሄዱ አንዱ መስኮቱን ሰባበረው።

ቀብር ላይ ጎረምሳው መጥቶ ቃሬዛ ተሸከመ። ሐጂ የመጡት ከሰልስት በኋላ ነው። አጽናንተውን ትንሽ ተቀመጡ፤ ልሸኛቸው ስወጣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ሌላ ጊዜ በአድማ ቀን ሰው ቢሞትባችሁ፣ ልጄ፣ የእኔን በር አታንኳኩ።»

የተቆጡ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አልተቆጡም። ፈርተውኝ ነው።