አረንጓዴው ኩል

የሙቀጫ ድምፅ ስሰማ ዛሬም ተነስቼ በሩን እዘጋለሁ። ሞያሌ፣ ኬንያ በኩል ባለው ቤታችን፣ እናቴ ትንሽ የናስ ሙቀጫ ነበራት፤ ጥቁሩን የኩል ድንጋይ አድቅቃ፣ በስስ ጨርቅ ነፍታ፣ እኔንና የአራት ዓመቷን እህቴን ሰላምን በየቅዳሜው ትኩለን ነበር።

አንድ በጋ፣ ከጎዶማ ፍየል እየነዱ የሚመጡት የአባቴ ደንበኛ ጋሽ ጉዮ፣ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ያገኙትን አረንጓዴ ድንጋይ አመጡልን። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ማንበብ እወድ፣ ያነበብኩትንም ሳልናገር አላድር ነበር። ድንጋዩን ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ አገኘሁት፤ የጥንት ግብጾች አቅልጠው መዳብ ያወጡበት፣ ፈጭተው ቀለም ያደርጉት፣ ዓይናቸውንም ይኳሉት ነበር። ዓይን ይጠብቃል ብለው ያምኑ እንደነበር ብቻ ነበር የተጻፈው። እኔ ግን ለእናቴ «ዓይን ያድናል» አልኳት፤ ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ዝናቡ ገብቶ ዝንቡ ሲበዛ የሰላም ዓይኖች ቀልተው መግል ያዙ። አባቴ ሶሎሎ ሐኪም ቤት ሊወስዳት ቢነሳም፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና ጠፋ። እናቴ ጨንቋት ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ ልጅ፣ ያ ድንጋይ ለዓይን ነው አላልሽም?»

«አዎ እማዬ፣ መጽሐፍ ላይ አለ!»

የወቀጥኩትም እኔው ነኝ። ሰላም «ይቆረቁረኛል» እያለች ስታለቅስ፣ እጇን ይዤ «ቻይው፣ የንግሥቶች ኩል እኮ ነው» እላት ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ እንዲሁ ኳልናት።

መንገዱ ደርቆ ሶሎሎ ስንደርስ፣ ዳክታሪው፣ ማለት ሐኪሙ፣ ዓይኖቿን አጥቦ በባትሪ መረመራቸው። ዱቄቱ ፍቋቸው፣ ቁስሉ አመርቅዞ፣ የግራው ጠፍቶ ነበር፤ የቀኙም ብዙ አልቆየም። አባቴ «ማነው ይሄን ያስተማረሽ?» ብሎ ሲጮህባት፣ እናቴ ወደ እኔ እንኳ ሳታይ «ማንም፤ የራሴ ድንቁርና ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ሙቀጫውን አላነሳችም፤ ነገሩንም ለማንም ሳትተነፍስ ሞተች።

አሁን አስፋልት ገብቷል፣ መኪናውም በሽ በሽ ነው። ሰላም እኔ ዘንድ ትኖራለች፤ ከእኔ በቀር ማንም የላትም። አንዳንዴ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ፊቷን እየዳበሰች «እማዬን ይቅር ልላት እሞክራለሁ፣ እምቢ ይለኛል» ትለኛለች። ያኔ ሐኪም ቤት ልጅ ነበርኩና ፈርቼ ዝም አልኩ። ዛሬ ፀጉሬ ሸብቷል፤ አሁንም ፈርቼ ዝም እላለሁ።