ያልተጣራ ቃል እና አራት መቶ ዛፍ

የተጓዝነው አራት ሰዎች ነን። አንደኛ እኔ፤ ሆላንድ አገር፣ ሙርዋይክ የሚባል ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምኖር፣ ቢሮ የማጸዳ፣ ደችኛን ከየቢሮው ቅርጫት ባነሳኋቸው ጋዜጦች ራሴን በራሴ ያስተማርኩ አባት። ሁለተኛ ባለቤቴ፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ፣ ያችን ቅዳሜ ለማረፍ ስትል ሁለት እሑድ ለባልደረባዋ የሰጠች። ሦስተኛ ልጃችን፤ አምስት ዓመት ከሁለት ወር። አራተኛ ጋሼ፤ የወጣትነት ዘመናቸውን አዲስ አበባ ያሳለፉ ኤርትራዊ፣ የሮተርዳም ወደብ ጡረተኛ፣ የስኪዳም ነዋሪ። ዘመዳችን አይደሉም፤ ልጃችን ግን አያት ስትባል የምታውቀው እሳቸውን ነው።

ነገሩ የተጀመረው ዓርብ ዕለት ነው። እናቷ ሹሩባ ስትሠራት ልጅቷ እንደ ዓሣ ትወራጫለች። አስተማሪዋ ለክፍሉ ልጆች ነግራቸው ኖሮ፣ “ባባ፣ አምስተርዳም የጃፓን የቼሪ ዛፎች አሉ። እያንዳንዱ ዛፍ የሴት ስም አለው። የኔም ስም አለ?” አለችኝ።

እኔ ጋዜጣ ላይ ነበርኩ። “አለ። አሁን ዝም ብለሽ ተቀመጪ።”

“ቤሎፍት?”

ይህ በደች “ቃልህ ነው?” ማለት ነው።

“ቤሎፍት” አልኳት። ሹሩባው በጸጥታ አለቀ።

ቤቴ ውስጥ አንድ ሕግ አለ፤ በእጄ ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ፦ “ሳታጣራ አትናገር።” ሚስቴም ልጄም በቃላቸው ያውቁታል። ለእኔ ማስታወሻ የሚሆን ግን ለካ አልጻፍኩም ነበር።

በማግስቱ ዛፎቹን ልናሳያት ተነሣን፤ ጠዋት ጋሼ ከስኪዳም በባቡር መጥተው ሙርዋይክ ጣቢያ ተገናኘን። ልጅቷ ገና ስታያቸው፣ “ጋሼ፣ አንተ ጉልበትህ ዳነ?” አለች።

“እርስዎ በይ” አልኳት።

“ተዋት” አሉ ጋሼ። “ጉልበቴ አንተም ተባለ እርስዎም ተባለ ያው ያመዋል።”

ዐቢይ ጾም ነው። ባለቤቴ የምስር ሳንቡሳ ይዛለች፤ ቅዳሜ እስከ ሰዓት መጾም ባይታዘዝም፣ እሷ ስድስት ሰዓት ላይ ትፈታለች፣ እኔ እስከ ዘጠኝ ውኃም አልቀምስም። ጋሼ ስኳር ስላለባቸው ከባቡሩ ጀምረው ይበላሉ። በመንገድ ላይ ስለ ትዕግሥትና ስለ አበባ ዕድሜ ማጠር ንግግር አደረግሁ። ባለቤቴን መሐል ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

አምስተርዳም ወርደን በአውቶቡስ ዛፎቹ ካሉበት ደን ደረስን። አበባውን ለመግለጽ አልሞክርም፤ ጋሼ “አርባ ዓመት እዚህ አገር ኖሬ ይህን ሳላይ ልሞት ነበር!” አሉ። ልጅቷ ግን ቀና ብላ እንኳ አላየችም። ዓይኗ እያንዳንዱ ዛፍ ሥር ባለው ትንሽ ሰሌዳ ላይ ነው። የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ታውቃለች፤ ያንን ባየች ቁጥር ትጮኻለች፣ እኔ አነባለሁ፣ የሌላ ሰው ስም ይሆናል።

መግቢያው ላይ ያለውን ማስታወቂያ ያኔ ተመልሼ አነበብኩት። ግማሾቹ ዛፎች የሆላንድ ሴቶች፣ ግማሾቹ የጃፓን ሴቶች ስም አላቸው ይላል። የሐበሻ ስም ከየት ይመጣል? ይህች ልጅ በሕይወቷ እስከዚያ ቀን ድረስ፣ እኔ “አለ” ያልኩት ነገር ጠፍቶባት አያውቅም።

ነገሩን ከባለቤቴ የሰሙት ጋሼ ጠጋ ብለው፣ “እስክሪብቶ አለኝ። በናፕኪን ላይ ጽፈን አንዱ ላይ እንለጥፍላት” አሉ በሹክሹክታ።

“ውሸት ነው፣ ጋሼ።”

“አንተ ትናንት የተናገርከው ምን ነበር? ቅዳሴ?”

ባለቤቴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ግን ተንበርክኬ እውነቱን ነገርኳት። ሳላጣራ እንደተናገርኩ፣ አባትም እንደሚሳሳት፣ ስሕተትን ማመን የትልቅነት ምልክት እንደሆነ። ጥሩ ንግግር ነበር።

“ቤሎፍት ብለሃል” አለች።

“ብያለሁ።”

“አሁንስ አጣርተሃል?”

“ማስታወቂያው ላይ...”

“ዛፎቹን አየሃቸው? ሁሉንም?”

“ሁሉንም አላየሁም።”

“ማቀዝቀዣው ላይ ምን ይላል?”

ጋሼ ሣሩ ላይ ተቀመጡ፤ “እኔ እዚሁ ሆኜ አጣራለሁ” አሉና የሳንቡሳውን ዕቃ ከፈቱ።

ዛፎቹ አራት መቶ ናቸው። እጄን ይዛ ከመጀመሪያው ረድፍ አስጀመረችኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዳነብ አዘዘች፤ ምክንያቱም በልቤ ካነበብኩ እንደምዘል ጠርጥራለች። ያልዘለልኩት ስለጠረጠረች ነው። የሆላንዶቹን ስም በደህና ተወጣሁት። የጃፓኖቹ ጋ ስደርስ አንዲት አሮጊት ጃፓናዊት ሣሩ ላይ ከዘረጉት ምንጣፍ ተነሥተው አጠራሬን አረሙኝ፤ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ፤ ሲያበቁ ጎንበስ አሉልኝ። እኔም ጎንበስ አልኩ። ልጄ በአባቷ ላይ የሚቆጣ ሰው በማግኘቷ በደስታ ዘለለች። ከዚያ በኋላ የሚያዩን ሰዎች ለቀልድ የተቀጠርኩ ይመስል ከኋላችን ተከተሉን።

ማንበብ ከጀመርኩ ሁለት ሰዓት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረው የመጨረሻውን ሰሌዳ አነበብኩ። ጉሮሮዬ እንደ ቆርቆሮ ሆኗል። ፊቷን ፈራሁ።

“የለም” አለች።

“የለም፣ ልጄ።”

“እሺ። አሁን አምንሃለሁ።”

ይኸው ነው። አላለቀሰችም። ስሟ እንደሌለ ለማመን የተቸገረች መስሎኝ ነበር፤ እሷ የተቸገረችው ግን እኔን ለማመን ነበር። ከዚያ ቀና ብላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አበባውን አየች። “ኦ! ሮዝ ነው” አለች።

አይስክሬም ጠየቀች፤ ልጅ አትጾምምና ገዛሁላት። ወዲያው “ያዝልኝ” ብላ የሚወድቀውን አበባ በእጇ ለመቅለብ ሮጠች። ፀሐይ ነበር። አይስክሬሙ በጣቶቼ መሐል ወደ እጅጌዬ መውረድ ጀመረ። ንጹሕ ሸሚዝ ነው፤ ሰው ንብረቱን መጠበቅ አለበት፤ ላስኩት። ከዚያ በሌላው በኩል ፈሰሰ፤ ያንንም ላስኩት። ሦስተኛው ግን አልፈሰሰም ነበር፤ እውነቱን መናገር ካለብኝ።

“ስንት ሰዓት ነው?” አሉ ጋሼ ለባለቤቴ፣ ሆን ብለው ጮክ ብለው።

“ስምንት ከሩብ” አለች።

“ዘጠኝም ቢሆን ወተት ነው” አሉ።

በነጋታው ሮተርዳም ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ ወደ ንስሐ አባታችን ራሴ ልሄድ ተነሣሁ። ልጄ ቀደመችኝ። መስቀሉን ተሳልማ፣ “አባ፣ አንተ ታውቃለህ? ባባ አይስክሬም ላሰ። እኔ አጣርቻለሁ” አለች።

የጉዞው ወጪ፣ የጋሼን ትኬት ጨምሮ፣ ባቡር፣ አውቶቡስና አይስክሬም በድምሩ፦ ሰማንያ ሰባት ዩሮ ከአርባ ሳንቲም፣ ሁለት እሑድ፣ እና አርባ አንድ ስግደት።