ሊዲያ የቀረችባቸው ማክሰኞዎች

ባለፈው እሁድ ጎረቤቴ ራህማ ስልኳን ይዛ መጣች። በዲቪ ከገባች ዓመት አልሞላትም፤ ከልጇ ትምህርት ቤት የሚላክላትን መልእክት ሁሉ እኔ ነኝ የማነብላት። የአሁኑ መልእክት ልጆች ተወዳድረው ስለሚገቡበት አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነበር። መስፈርቶቹ ተዘርዝረዋል፦ ውጤት፣ የመምህር አስተያየት፣ አጭር ጽሑፍ፣ ከሥር ደግሞ ከትምህርት አለመቅረት።

«ይቺ የመጨረሻዋ እንኳ ቀላል ናት፣ አይደል?» አለችኝ ራህማ።

ሻይ ላፍላልሽ ብዬ ተነሣሁ።

ኮሮና በገባበት ዓመት ሃያ ዓመቴ ነበር። ሂልቶፕ በሚባል ሰፈር ከብሮድ ስትሪት ገባ ብሎ በሚገኝ ቤት ምድር ቤቱን ተከራይተን እኔ፣ እናቴ፣ አባቴና ታናሽ እህቴ ሊዲያ እንኖር ነበር። እናቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ሪከንባከር በሚባል ቦታ፣ እኔ ኒው አልባኒ፣ ሁለታችንም ዌርሃውስ፣ ማለት መጋዘን ውስጥ ዕቃ እናሽጋለን። አባቴ ስኳሩ እግሩ ላይ ቁስል አውጥቶበት ሥራ አቁሟል። ሊዲያ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል።

ሊዲያ ሒሳብ ላይ ሌላ ሰው ነበረች። ከላያችን የሚኖሩት ጋሼ መኮንን ደሴ ውስጥ ስንት ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ እዚህ የጭነት መኪና ይነዳሉ። በዚያ ዓመት በጋ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በረንዳው ላይ እሳቸው በአንዱ ጫፍ፣ እሷ በሌላው፣ ሁለቱም አፍንጫቸውን ሸፍነው እንዲህ ላለው ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ያዘጋጇት ነበር። እናቴ በቆሎ ትቀቅልላቸዋለች። ጋሼ መኮንን አንዴ ይገምጡና፣ «ይሄ በቆሎ ነው ወይስ ከረሜላ?» ይላሉ፤ ግን ጨርሰው ነው የሚነሡት። አንድ ቀን እኔን ጠጋ ብለው፣ «ይቺን ልጅ የሚያቆማት ፈተና የለም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ በወረርሽኙ ምክንያት የዚያ ዓመት መግቢያ ፈተና ቀርቷል የሚል መልእክት መጣ። ልጆቹ የሚመረጡት እንደ ራህማ መልእክት በተዘረዘሩ መስፈርቶች ነጥብ ሆነ። ጋሼ መኮንን ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ። እኛ ግን ብዙም አልደነገጥንም። ውጤቷ ሁሉም ኤ ነው፤ አስተማሪዎቿ ይወዷታል።

አባቴ በየማክሰኞው ጠዋት ክሊኒክ ሄዶ ቁስሉ ይታጠባል። ሐኪሙ አንድ ሳምንት ከታለፈ እግሩን ልናጣው እንችላለን ብሎናል። በስልክ አስተርጓሚ እናገናኝዎ ቢሉት አባቴ እምቢ አለ፤ «የማላውቀው ሰው ስለ እኔ እግር ምን አውቆ ይናገራል?» እናቴ የሌሊት ሥራ ስለሆነች ጠዋት ትተኛለች፤ እንግሊዝኛዋም አይበቃም። እኔ የምሠራበት ደግሞ የሚቀር ሰው ነጥብ ይያዝበታል፤ ነጥቡ ሲሞላ ይባረራል። ስለዚህ ሊዲያ ትሄዳለች። ትምህርቱ በላፕቶፕ ነው፤ ዘግታው አባቴን ደግፋ አውቶቡስ ትይዛለች፣ ማታ የቤት ሥራዋን አንድ ሳታስቀር ትልካለች። ቤት ቁጭ ብሎ የሚማር ልጅ ቀረ እንደሚባል ማናችንም አላሰብንም።

መጋቢት ላይ የነጥቧ ውጤት መጣ፤ ከመግቢያው በታች ነበር። በብሬክ ሰዓቴ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ የመግቢያውን ጉዳይ የሚያየውን ቢሮ ኮል አደረግኩ። ያነሣችው ሴት ድምፅዋ የእናት ነው። የሊዲያን ስም ፈልጋ አገኘችው።

«ውጤቷ በጣም ግሩም ነው» አለችኝ። «ግን እስከ ገና ዕረፍት ባለው ጊዜ አሥራ አንድ ቀን ያለ ፈቃድ ቀርታለች። ከስምንት ቀን ካለፈ የዚያ ክፍል ነጥብ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል።»

«አባታችንን ሐኪም ቤት እየወሰደች እኮ ነው። ማስረጃ አመጣለሁ።»

«በቀረች በአምስት ቀን ውስጥ ነው መግባት የነበረበት።»

«ማንም አልነገረንም።»

«ኢሜይል ተልኳል፣ የኔ ውድ።»

የተላከው እንደመጣን በአባቴ ስም ወደተከፈተ አድራሻ ነው፤ የይለፍ ቃሉ ከጠፋብን ቆይቷል። ሴትዮዋ ነጥቡን የሚደምረው ሲስተሙ ነው፣ እኔ መንካት አልችልም አለች፤ በጣም አዝናለሁ አለች፤ ማዘኗም ያስታውቃል። ክፉ ብትሆን እጣላት ነበር። አመስግኜ ዘጋሁት።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። በማግስቱ ጠዋት ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣውን ሱፍ ለብሶ፣ ከራባት አስሮ ሳሎን ቁጭ ብሎ አገኘሁት። የዕረፍት ቀኔ ነበር።

«ውሰዱኝ» አለ። «እግሬን አይተው ይፍረዱ።»

ሊዲያም አብራን መጣች። በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። የቢሮው በር ተቆልፎ፣ ጉዳይ በኢሜይል ብቻ እንደሚስተናገድ የሚገልጽ ወረቀት ተለጥፎበታል። ከመስታወቱ ወዲያ አንድ ሰውዬ ወለል ይወለውላል። አባቴ በከዘራው መስታወቱን ቀስ አድርጎ መታ። ሰውዬው ወረቀቱን አሳየው። አባቴ እግሩን አሳየው። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ይሄኔ አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ጎንበስ አለና የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ። ሊዲያ እጁን ያዘችው።

«አባባ፣ ተው። ኢትስ ኦኬ።»

ማሰሪያውን መልሳ አሰረችለት። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ አባቴ፣ «እኔ ነኝ ያስቀረሁሽ» አላት። «ኖ፣ ዳድ» አለችውና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

በዚያው ሳምንት ስልኬ ላይ የሥራ ቦታዬን ነጥብ ከፍቼ አየሁ። ሳልባረር ልቀርባቸው የምችላቸው አራት ቀናት ነበሩኝ። ከመከር ጀምሮ ነበሩኝ። ኮሮና ቢይዘኝስ ብዬ ነበር የማስቀምጣቸው። አሥራ አንድ ሲቀነስ አራት፣ ሰባት፤ ይህን ለማስላት ጋሼ መኮንን አያስፈልጉም። ለማንም አልተናገርኩም።

ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ አስገቧት፤ ዝርዝሩ ግን እሷ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ሰፈራችን ያለው ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ በሁለት ዓመት ውስጥ የሚያስተምሯት ሒሳብ አለቀባቸው። አሁን ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፣ በጎን ኮሌጅ ትማራለች። የአባቴ ቁስል በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደረቀ። በእግሩ ይሄዳል።

ለራህማ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት፤ ኢሜይሏን አብረን ከፈትን፣ ልጅቷ ስትቀር ማስረጃው የት እንደሚላክ አሳየኋት። እሷ ከሄደች በኋላ ግን መቀመጥ አቃተኝና ለሊዲያ ደወልኩ። ስለ አራቱ ቀናት ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ስልክሽን ቻርጅ ላይ ላደርግልሽ ስል አይቼዋለሁ።»

«መቼ?»

«አይ ዶንት ኖ። ኦክቶበር መሰለኝ።»

ኦክቶበር ማለት አባቴን መውሰድ የጀመረችበት ወር ነው።

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ፈርተሽ ነበራ» አለች። ከዚያ ክላስ እንዳላት ነገረችኝና ተሰነባበትን።

በዚህ ሁሉ ዓመት የምትቆጣኝን ሊዲያን ወይም ይቅር የምትለኝን ሊዲያን ነበር ስጠብቅ የኖርኩት፤ ለሁለቱም መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እያወቀች በየማክሰኞው ላፕቶፑን ዘግታ አባቷን ካፖርት ለምታለብሰው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የምለው ግን አልነበረኝም።