ግዝት ያለበት ዳዊት

መጽሐፍ የማን ነው? የወረሰው ሰው ወይስ የሚያነበው? እስካሁን መልሱን አላገኘሁትም።

ከንፋስ መውጫ የወጣሁት በማርያም ዕለት፣ ሊነጋጋ ሲል ነው። ቄሱ ታላቅ ወንድሜ ቅዳሴ ላይ ነበሩ። አባታችን በገዛ እጃቸው በብራና የጻፉትን ዳዊት ከግድግዳው አወረድሁና በነጠላዬ ጠቅልዬ ወጣሁ። አባቴ የሰውን ወንድ ልጅ ሁሉ ሲያስተምሩ ለእኔ እንዝርት ነው ያስያዙኝ። ፊደል የቆጠርሁት በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ ከሕፃናት ጋር ተቀምጬ ነው። ወንድሜ ግን ዳዊቱን ወርሰው ሰቀሉት እንጂ ሲገልጡት አላየሁም። ከመተማ እስከ ባሕሩ የወሰደኝ ይህ ንዴት ነው። ጀልባው ላይ ሰው ስንቁን ሳይቀር ሲጥል እኔ ዳዊቱን አልጣልሁም።

አሁን እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ነኝ። የጉና ብርድ እንኳ ፀሐይ ሲያይ ይለቃል፤ የዚህ አገር ብርድ ፀሐይን አያፍርም። አከራዬም ሳያንኳኳ ገብቶ አፍንጫውን ይይዛል።

"ምንድን ነው የሚሸተው?"

"የፍየል ቆዳ።"

"ውላችን እንስሳ አይፈቀድም ይላል!"

"የሞተ ነው እኮ።"

"የሞተም አልተፈቀደም።"

እንግሊዝኛ የምታስተምረን ሴት አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ "ጌት" ብላ ጻፈች። መግዛትም ጌት፣ መቀበልም ጌት፣ መታመምም ጌት። "ይህችን ከያዛችሁ አትቸገሩም" አለች። ከዚያ ከአገራችን የመጣ ዕቃ ይዘን እንዴት እንዳገኘነው እንድንናገር አዘዘች። ዳዊቱን ይዤ ቆምሁ። "ከአባቴ፣ ጌት" አልሁ። አጨበጨቡልኝ። እኔ ግን በገንሁ። ወራሹንና ሌባውን በአንድ ነጠላ የሚያለብስ ቃል! እንግሊዞች ለመስረቅ የራሱ ቃል እንዳላቸው መዝገበ ቃላት ገልጬ አውቃለሁ፤ ነጠላውን የመረጥሁት እኔ ነኝ።

እሑድ ለወንድሜ ደወልሁና ስለ ዳዊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅኋቸው።

"ዳዊቱን የወሰደችው ጎረቤታችን ጥሩዬ ናት" አሉኝ።

"በምን ዐወቁ?"

"የወሰደም፣ ዐውቆ ዝም ያለም የተወገዘ ይሁን ብዬ ግዝት አውጥቻለሁ። ከዚያ ወዲህ አልቆረበችም። ምን ምስክር ያሻል? ማኅበርተኞቿም ጽዋቸውን ነሥተዋታል።"

ስልኩን ዘጋሁና ወደ እትዬ ጥሩዬ ደወልሁ።

"እትዬ ጥሩዬ፣ ዳዊቱን የወሰድሁት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ጠቅልለሽ በደጄ ስታልፊ አይቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"

"ተናግሬ ከመንገድ ላስመልስሽ? እንኳን ልናገር፣ ውሻዬን ዝም በል ብዬዋለሁ።"

"ካልወሰዱ ለምን አይቆርቡም?"

"ዐውቆ ዝም ያለም ተብሏል እኮ፣ ልጄ። ዐውቄ ዝም አልሁ። በምን አፌ ልቁረብ? ሦስት ፋሲካ አለፈኝ።"

ሌባዋ እኔ፣ ግዝቱን የጠበቁት እርሳቸው! ለወንድሜ መልሼ ደወልሁ።

"አባ፣ ዳዊቱ እኔ ዘንድ ነው።"

"እንዴት አገኘሽው?" አሉኝ።

"ሰረቅሁት። እትዬ ጥሩዬ አይተው ዝም ያሉት ለእኔ ብለው ነው። ዛሬውኑ ሄደው ይፍቷቸው፤ በማኅበርተኞቻቸውም ፊት ይናገሩ።"

"ያንቺስ ግዝት?"

"የእኔ ይቆየኝ" አልኋቸው። "ገና አንብቤ አልጨረስሁም።"