የእናቴ የልደታ ስንዴ

ዛሬ ጧት ስንዴ እየለቀምሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። አዲስ አበባ የምትሠራው ልጄ የአበባ ሥዕል ልካ «መልካም የእናቶች ቀን፣ እማዬ» ብላለች። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ? ይኸ የእናቶች ቀን የሚሉት በዓል እኛ ልጆች ሳለን አልነበረም፤ አሁን ግን በየዓመቱ ከግንቦት ልደታ ጎን መጥቶ ይቀመጣል። ብቻ ስልኩን አስቀምጬ ወደ ሰፌዱ ስመለስ የለቀምሁትን እንደገና መልቀም ጀመርሁ። ነገ ልደታ ነው። በልደታ ዋዜማ ስንዴ ስለቅም እናቴ ከኋላዬ ቆማ የምታየኝ ይመስለኛል። ዞር ብዬ አላይም። ሞኝ በሉኝ።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ባሕር ዳር፣ ከጣና ብዙም የማይርቅ ሰፈር ነበር ቤታችን፤ በግንቦት ሙቀት የበሰለው ማንጎ ቆርቆሮው ላይ ዱብ ዱብ ሲል ይውላል። የሰፈሩ ልማድ እንዲህ ነው፦ ለልደታ እያንዳንዷ እናት በእጇ የለቀመችውን እህል ከቤቷ ታመጣለች፤ በአንድ ትልቅ ድስት ይቀቀላል፤ ንፍሮው እዚያው ደጅ ይበላል እንጂ ወደ ቤት አይገባም። እናቴ ከአንበሳሜ ገጠር የመጣች ነበረች፤ በለቀማ የሚስተካከላት አልነበረም። የሷን ስንዴ በልቶ ጠጠር የነከሰ ሰው የለም እየተባለ ይቀለድባት ነበር፤ እሷም ትኮራበት ነበር።

የዚያን ዓመት በዐቢይ ጾም ታመመች። መነሣት ሲያቅታት ሰፌዱን አልጋዋ ላይ አስመጥታ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ አንድ አንድ ፍሬ እያነሣች ለቀመች። ሲደክማት ዐይኗን ትጨፍናለች፤ ደግሞ ትቀጥላለች። ስትጨርስ ካሮጌ ነጠላዋ ጫፍ ቁራጭ ቀድዳ ቋጠረችው። «ይቺ የልደታ ናት፤ እንዳትነኩብኝ» አለች። በሳምንቱ ዐረፈች።

አርባዋ ሳይወጣ ግንቦት ገባ። ግድግዳ የምንጋራቸው እትዬ ዘውዴ በዋዜማው መጥተው፣ የእናቴን ስንዴ ይዤ በእናቴ ቦታ እንድቀመጥ ነገሩኝ። እሺ አልኋቸው። ገብቼ ቋጠሮውን አነሣሁት። አጥብቃ ያሰረችበት እጥፋት እንዳለ ነበር። ያን ከፈታሁ እሷ የሠራችው ነገር በዓለም ላይ አንድም የማይቀር መሰለኝ። አልቻልሁም።

እናም የማይሠራ ሥራ ሠራሁ። ፀሐዩ እያቃጠለኝ በሐይቁ ዳር ወደ ጀልባ መውረጃው ሄድሁ። ዓሣ ከሚበልቱት ሰዎች አጠገብ ከሐይቁ ማዶ ከደልጊ በጀልባ የመጣ እህል የሚሸጡ ሴቶች ነበሩና ስንዴ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ለቀምሁት፤ ዐይኔ በእንባ እየተሞላ ምኑን አየሁት? ከዚያው ነጠላ ሌላ ቁራጭ ቀድጄ ልክ እንደሷ ቋጠርሁት። የሷን ቋጠሮ ሣጥን ውስጥ ደበቅሁት።

በማግሥቱ ድስቱ ሰፈሩ መካከል ካለው ሾላ ሥር ተጣደ። እትዬ ዘውዴ ከእጄ ተቀብለው ቋጠሮውን ሳሙት። «እጇ ያረፈበት ነው፤ ዘንድሮም አልቀረችብንም» ብለው አለቀሱ። ሴቶቹ ሁሉ አለቀሱ። እኔም አለቀስሁ፤ የኔ ልቅሶ ግን ሌላ ነበር። ንፍሮው በሰለና በሰፌድ ወጣ፤ እንፋሎቱን የሐይቁ ንፋስ ፊታችን ላይ ያመጣዋል። እያማተቡ፣ ስሟን እየጠሩ በሉ። ማን እንዳበቀለው እንኳ የማላውቀውን ስንዴ።

በዕድሜ የሁሉም ታላቅ የሆኑት እማማ ብርቄ ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። ድንገት ቀጭ ሲል ሰማሁ። ማኘካቸውን አቆሙ። ጣታቸውን ወደ አፋቸው ሰደዱና አንዲት ጠጠር አወጡ። አዩዋት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ዐይኔን ወደ ሰፌዱ መለስሁ። እሳቸው ግን ጠጠሯን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ሌላ ንፍሮ ዘገኑ። ሰው መነሣት ሲጀምር ጆሮዬ ሥር ጠጋ አሉ።

«ያን ስንዴ ስትለቅም አጠገቧ ነበርሁ። ለኛ ብላ ነው የደከመችው፤ ለከርሞ አምጪልን» አሉኝ።

«እሺ እማማ» አልሁ።

አላመጣሁም። እማማ ብርቄ በዚያው ክረምት ዐረፉ፤ ሌላ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኔም ለትምህርት ወጣሁ፤ ሥራ ያዝሁ፤ አገባሁ፤ ቋጠሮው በየሄድሁበት አብሮኝ ዞረ። የፈታሁት ልጄን በወለድሁ ዓመት ነው። አሁን እኔም እናት ነኝ፣ ለልደታ ይዤው እወጣለሁ ብዬ ተነሣሁ። ስፈታው ዱቄትና ገለባ ሆኖ ጠበቀኝ። እናቴ ነፍሷ ልትወጣ ሳለች ለጎረቤቶቿ የለቀመችውን ነቀዝ በልቶታል። ሰፌድ ላይ ዘርግቼ በጣቴ ስፈልግ ቆየሁ። አንድም ጠጠር አልነበረበትም።

ቅድም ልጄ ደግሞ ደወለች። ምን እየሠራሁ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ የልደታ ስንዴ እየለቀምሁ ነው አልኋት። እየሳቀች ከንፍሮው እንዳስቀምጥላት ለመነችኝ።

«አይቀመጥም» አልኋት። «መጥተሽ ብዪ።»

ቆጣ ሳልልባት አልቀረሁም። ነገ ስንዴዬን ሳልቋጥር በሰፌዱ ይዤ ወጥቼ ከሴቶቹ ጋር እቀመጣለሁ። ሲያጎርሱኝ እንደ ሁልጊዜዬ ቀስ ብዬ አኝካለሁ፤ ያችን ጠጠር እየጠበቅሁ።