ሰማያዊዋ ሳይክልና የአባቴ ጋቢ

ጋቢው ጥግ ላይ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ምልክት አለ። ባለፈው ሰሞን ልብስ የምታጥብልኝ ልጅ ከሳጥን አውጥታ ዘርግታ አየችውና፣ በረኪና ቢነካው ይለቃል አለችኝ። እንዳትነኪው አልኳት። ሳላስበው ድምፄ ከሮ ነበርና ደንግጣ አጣጥፋ መለሰችው። እሷ ከሄደች በኋላ እኔው አወጣሁና አሸተትኩት። ይህን ያህል ዘመን አልፎ ምን ሊሸት? ግን እምላለሁ፣ የሳይክል ካቴና ግራሶ ሸተተኝ፤ ቀጥሎም የጠዋት ብርድና የባሕር ዛፍ ቅጠል። ፊቴ ጋለ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ማንም በሌለበት ቤት ብቻዬን ተቀምጬ አፈርኩ።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ከመምህራን ማሰልጠኛ ወጥቼ ወደ ቤቴ፣ ወደ ቢቸና የተመለስኩበት ዓመት። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ቤቱ የእኔና የአባቴ ብቻ ነበር። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ቅኔ ያስተምራሉ። ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ጭራቸውን ይዘው በከተማው ሲያልፉ ሰው ከተቀመጠበት ይነሳላቸዋል። እኔ ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ጣቢያዎች ተቆጣጣሪ ሆኜ ተመደብኩ። ጣቢያዎቹ ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ተበታትነዋል። ሰኞ ወጥቶ እነሱን እያዩ ሞጣ መድረስ፣ ቅዳሜ መመለስ ነው ሥራው። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ስለሚያልፍ ገጠር ላይ አይቆምም። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ እቅጩን ነገረኝ፤ መጋዘን ውስጥ ሳይክሎች አሉ፣ አንዱን መርጠሽ ትነጂያለሽ፣ ካልቻልሽ ሥራው ለወንድ ይሰጥና አንቺ ቆላ ትመደቢያለሽ አለኝ። ቆላ መመደብ ማለት አባቴን በዓመት አንዴ ማየት ነው። እሳቸውም ከእኔ ሌላ ማንም አልነበራቸውም።

መንዳቱንስ ማሰልጠኛ ሳለሁ፣ ከጓደኞቼ ጋር ሜዳ ላይ እየወደቅኩ ተምሬዋለሁ። የጨነቀኝ ሌላ ነው። በእኛ ከተማ ሴት ልጅ እግሯን አንስታ ሳይክል ላይ ስትወጣ ያየ ሰው አልነበረም። የመሪጌታ ልጅ ስትሆንማ፣ ምን ልበላችሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ።

ሴት ልጅ ብቻዋን መጋዘን ገብታ ዕቃ አትመርጥም ብለው አባቴ አብረውኝ መጡ። እኔ ደግሞ ከሁሉም የፈራሁት የእሳቸውን መምጣት ነበር። የገበያ ቀን ነው። መፈክር በቀይ ቀለም ከተጻፈበት ከመጋዘኑ ግድግዳ ፊት ለፊት እህል ሻጩም በግ ጎታቹም ቆሞ ያያል። መጋዘን ጠባቂው አራት ሳይክል አውጥቶ ፀሐይ ላይ ደረደረ።

አባቴ በሕይወታቸው ሳይክል ነክተው አያውቁም። በቅሎ ግን ያውቃሉ። እናም በቅሎ እንደሚገዛ ሰው ጀመሩ። ጭራቸውን ለእኔ ሰጡኝና የአንዷን ኮርቻ በሁለት እጃቸው ተጫኑት። ከፊት ቆመው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ቁመናዋን አዩ። ቀጥለው ጠባቂውን እስቲ ወዲያና ወዲህ አድርጋት አሉት። ጠባቂው ሳቁን ዋጠ። ከኋላችን የቆሙት ጎረምሶች ግን አልዋጡም።

"መሪጌታ፣ ጥርሷንም ይዩላት እንጂ" አለ አንዱ።

ሳቁ እስከ እህል ተራው ደረሰ። እኔ ጭራቸውን እንደያዝኩ መሬት መሬት አያለሁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አባቴ ግን ዘወር ብለውም አላዩትም፤ ሥራቸውን ቀጠሉ።

ጥቁሩ፣ ዕቃ መጫኛ ያለው ከባዱ ሳይክል፣ ይሄ ይጫናል እንጂ አይጋለብም ተባለ። ሁለተኛው ኮርሳ ነበር፤ ጎማው ቀጭን፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈ። እኔ ብሆን በውበቱ ብቻ እወስደው ነበር። አባቴ ለጉግስ ካልሆነ ለመንገድ አይሆንም አሉ። ሦስተኛዋን ጠባቂው ራሱ ወደ እኔ ገፋ አደረጋት፤ የሴት ናት፣ መሐሏ ላይ አግዳሚ ብረት የላትም፣ በቀሚስ ይወጣባታል። ቶሎ ብዬ መሪዋን ያዝኩ። ከዚያ ሁሉ ዓይን የምታድነኝ እሷ ነበረች። አባቴ መጥተው አንገቷን ይዘው ወዘወዟት። ወገቧ ተላወሰ።

አራተኛዋ ሰማያዊ ነበረች። ከኮርሳው የምትወፍር፣ ከጥቁሩ የምትቀል፣ የብረት ቧንቧዋ ቀጥ ያለ፣ ጎማዋ ኮረኮንቹንም ጭቃውንም የሚችል፣ ከኋላዋ ቦርሳ የሚይዝ። አባቴ ብረቷን በጥፍራቸው መታ አድርገው ጆሯቸውን ጣሉ። ድምፁ ቶሎ አልሞተም። ጠባቂውም አሁን ቀልዱን ትቶ፣ ብረት ስለሆነች ብትሰበር እንኳ በያጅ ባለበት ትጠገናለች፣ ዝናብም ሆነ በጋ ረጅም መንገድ የምትችል እሷ ናት ብሎ አገዛቸው።

"ይቺ ሰጋር ናት" አሉ አባቴ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ሞጣ የቷ ታደርስሻለች?"

"ይቺኛዋ" አልኩ፣ የሴቷን መሪ እንደያዝኩ።

"እጅሽ እሷ ላይ ነው፤ ዓይንሽ ግን ሰማያዊዋ ላይ። እኔ የጠየቅኩሽ የምታደርስሽን ነው።"

ሰማያዊዋ መሐሏ ላይ አግዳሚ ብረት አላት። ለመውጣት እግርን ከፍ አድርጎ ማሻገር ግድ ነው። በቀሚሴ ሥር ሱሪ ለብሻለሁ፤ ግን ያን ጊዜ ሱሪውም ራሱ ሌላ ነውር ነበር። ጠባቂው ደግሞ ስትነጂ ሳላይ አላስረክብም አለ።

አባቴ ያን ጊዜ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱት። ሁለቱን ጫፎች ይዘው እጆቻቸውን ዘረጉ፤ በእኔና በገበያው መካከል ነጭ መጋረጃ ሆነ። የራሳቸውንም ፊት ወደ ሌላ አዞሩ።

"ውጪ" አሉኝ።

እግሬን አነሳሁና ወጣሁ። ነፋስ ጋቢውን ገፍቶት ጫፉ ካቴናው ውስጥ ገባ፤ ሲጎትቱት መዳፍ የሚያህል ጥቁር ይዞ ወጣ። ሰው አውካካ። የአባቴ ባልንጀራ የሆኑት ቄስ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሲያደርጉ አየኋቸው። ዞሬ ሳላይ ፔዳሉን ረገጥኩ። የከተማው ዳርቻ እስክደርስ አላቆምኩም። እዚያ ወርጄ፣ ሳይክሏን አጥር ላይ አስደግፌ አለቀስኩ። ለእኔ ይሁን ለእሳቸው ያፈርኩት፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ከዚያ ወዲያ ሰኞ ሰኞ ሲነጋጋ ሳይክሏን እየገፋሁ እሳቸው ከጎኔ እየሄዱ ባሕር ዛፎቹ ድረስ እንወጣለን። እዚያ ጋቢውን ይዘረጋሉ፤ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ እወጣለሁ። አንድ ቀን ጭጋግ ሆኖ መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ አልነበረም።

"ማንም የለም እኮ፣ አባባ" አልኳቸው።

"እኔ አለሁ" አሉ። ጋቢውን ዘረጉት።

መንገዱን ወደድኩት። ኮረኮንቹ ከጎማው ሥር ሲንኮሻኮሽ፣ ከደብረ ወርቅ ወዲያ የጤፉ ማሳ በነፋስ ሲተኛና ሲነሳ፣ ከዝናብ በኋላ የጥቁሩ አፈር ሽታ። ቤተ ክርስቲያን ባየሁ ቁጥር እወርዳለሁ፣ ሽማግሌ ባገኘሁ ቁጥር እወርዳለሁ፤ ለዚህ ነው መንገዱ የማያልቀው። ሞጣ ስደርስ ልጆች ባለብረት በቅሎዋ መጣች እያሉ ይከተሉኛል። አሁን እዚያ መንገድ ላይ ሴቶቹ ባጃጅ ሲነዱ አያለሁ፤ ዞሮ የሚያያቸው የለም።

አባቴ ነውሩ የማይነካቸው ይመስለኝ ነበር። አንድ የበዓል ቀን ግን ከኋላቸው ቤተ ክርስቲያን ስደርስ፣ በሩ ላይ ቆም ብለው አየኋቸው። ግራ ቀኝ አይተው የጋቢውን ጥቁር ጥግ ወደ ውስጥ አጠፉና በክንዳቸው ያዙት። ቅዳሴው እስኪያልቅ ያ ክንድ ከጎናቸው አልተነሳም። ሲወጡም ባልንጀሮቻቸው ሰላም ብለዋቸው ፈጠን ፈጠን እያሉ አለፉ። ልቤ ተሰበረ። ቤት ገብቼ ጋቢውን በእንዶድ አሸሁት፣ በሎሚ አሸሁት፤ አልለቅ አለኝ። ሲመጡ እጄ እንደራሰ ሳይክሏን እመልሳለሁ አልኳቸው። ቆላ ከመደቡኝም እሄዳለሁ።

ተቆጥተውኝ የማያውቁት አባቴ ያን ቀን ተቆጡ።

"እኔ እያፈርኩ ነው የመረጥኩልሽ" አሉ። "አፍሬም ይኸው አለሁ። ሰኞ ትሄጃለሽ።"

ሰኞ ሄድኩ። ከዚያ ብዙ ሰኞዎች ሄድኩ። ከተማውም ለመደኝ፤ እኔም የማንም ዓይን ሳያሳስበኝ እግሬን አንስቼ መውጣት ለመድኩ። እሳቸው ግን ደከሙ። መጀመሪያ ባሕር ዛፎቹ ድረስ መምጣት አቃታቸው፣ ቀጥሎ በር ድረስ፣ በመጨረሻም ከአልጋ መነሳት።

የመጨረሻዋ ሰኞ ዕለት አልሄድም ብዬ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ጣቢያው ላይ የሚጠብቁሽ አሉ፣ ጎረቤቶቹ ያዩኛል ብለው አስነሱኝ። ጉልበታቸውን ሳምኩ። በዚያው ሳምንት ሞጣ ላይ መርዷቸውን እንደምረዳ የት አውቄ? ሳይክሏን ከግድግዳው አንስቼ ግቢው መሐል አቆምኩ። በሩ ክፍት ነበርና ወደ ውስጥ አየሁ።

የጋቢውን ጥቁር ጥግ ይዘው ከአልጋው ላይ ትንሽ ከፍ አድርገውታል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ እስክወጣ ይጠብቃሉ።