የሰኞ አረፋ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሊዲያ ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። በሰሜን ባሕር ዳርቻ፣ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ቦታ፣ ለስድስት ሳምንት የውሃ ምርመራ ፕራክቲኩም፣ ማለትም የሥራ ልምምድ፣ አግኝታለች። «እንኳን ደስ ያለሽ» ማለት ሲገባኝ ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

«ከዚያ ሁሉ ተማሪ መካከል ለምን አንቺን መረጡ?»

«ማማ፣ ቢተ!» አለችኝ። ኧረ እባክሽ ማለቷ ነው፤ ስትበሳጭ አማርኛው ጠፍቶባት ጀርመንኛው ይቀድማታል።

እውነቷን ነው። እኔ ደግ ነገር ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ ገልብጬ ከሥሩ አያለሁ። ይህ ጠባይ አብሮኝ የተወለደ ይመስለኛል፤ ያሳፈረኝን ክረምት ግን ደኅና አድርጌ አስታውሳለሁ።

ክረምት የምለው በልማድ ነው። ፍራንክፈርት ውስጥ ሐምሌ ፀሐይ አናት የሚበሳበት ወር ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ሪድበርግ ባለው የሳይንስ ካምፓስ እማር ነበር። ሰፈሩ ያኔ ገና ይሠራ ስለነበር ከጫማዬ ጭቃ አይጠፋም። ለዕረፍቱ ወራት አንድ የውሃ መሥሪያ ቤት ፕራክቲኩም ሰጠኝ። ሥራዬ ሰኞና ሐሙስ ጠዋት፣ ኒዳ ወንዝ የሚገባ አንድ ትንሽ ጅረት ተከትዬ እየሄድኩ ሰባት ቦታ ላይ በጠርሙስ ውሃ መቅዳት፣ ቀለሙንና ሽታውን በደብተር መጻፍ ነበር። ኃላፊዬ ፍራው ኬለር በመጀመሪያው ቀን ካርታ ዘርግታ ኒዳ ወደ ማይን፣ ማይን ወደ ራይን፣ ራይን ወደ ባሕር እንዴት እንደሚሄድ በጣቷ አሳየችኝ። እዚህ የፈሰሰ ሁሉ ባሕር ይደርሳል አለችኝ።

አራተኛው ቦታ እኛ ኢትዮጵያውያን በየእሑዱ ለአምልኮ ከምንከራየው አዳራሽ ጀርባ ነበር። እዚያ ሐሙስ ሐሙስ ውሃው ንጹሕ ነው፤ ሰኞ ሰኞ ግን ቢጫ ቅባት ያዘለ ነጭ አረፋ ዳር ካለው አኻያ ዛፍ ሥር ተከማችቶ አገኛለሁ። ጥፋተኛውን ለማግኘት ብዙም አላሰብኩም። ከአዳራሹ ጎን ኤርካን የሚባል ሰው የመኪና ጋራዥ ነበረው። ሰኞ ሰኞ ሲያየኝ ከትንሿ ብርጭቆው ጋር ብቅ ብሎ «ሻይ ጠጪ፣ ሙቀት ነው» ይለኛል። ንጹሕ ሰው ለማያውቀው ሰው በየሳምንቱ ሻይ የሚያቀርበው ለምንድን ነው? አንድም ቀን አልተቀበልኩትም። ያጠባቸውን መኪናዎች ግን እቆጥርና እጽፍ ነበር።

እኔ ኤርካንን ስጠረጥር፣ እኔንም የሚጠረጥሩ ነበሩ። የአዳራሹን ቁልፍ የሚይዙት ጋሽ ታደለ አንድ ሰኞ አጥሩ አጠገብ ስጽፍ አገኙኝ።

«ደብተሩ ለማን ነው?»

«ለውሃ መሥሪያ ቤቱ ነው፣ ጋሽ ታደለ።»

«የሚጻፈው ውሃው ብቻ ነው?»

«ውሃው ብቻ ነው።»

«እንግዲህ ይሁን» አሉ፤ እንዳላመኑኝ ግን ፊታቸው ይናገር ነበር። በወጣትነታቸው ጎረቤታቸው በጻፈባቸው ወረቀት ሁለት ዓመት መታሰራቸውን አውቃለሁ። ቢሆንም ከፋኝ። እኔን፣ እንደ ልጃቸው የሚያዩኝን?

በቀጣዩ እሑድ የጉባኤያችን ሴቶችም ስጠጋ ወሬ ያቋርጡ ጀመር። ከአምልኮ በኋላ አብረን ነበር የምንበላው። የአዳራሹ ወጥ ቤት ሰሐን ማጠቢያ እንጂ ትልልቆቹን ድስቶች የሚያስገባ ቦታ ስለሌለው፣ እኛ ወጣቶቹ ግቢው ውስጥ በውሃ ጎማ እናጥባቸዋለን። ያን ቀን የምስር ወጡን ድስት ማንም ሳያናግረኝ አጠብኩ።

በማግስቱ ፍራው ኬለር የምርመራ ቀለም ሰጥታኝ መጣሁ። ዓሣ የማይጎዳ አረንጓዴ ቀለም ነው፤ የጠረጠርከው ማፍሰሻ ውስጥ ትጨምርና ጅረቱ ላይ ወጥቶ እንደሆነ ታያለህ። ኤርካንን በጋራዥህ ማፍሰሻ ልጨምር ብዬ ስጠይቀው አልተከራከረም። «አፍስሺ። ከእኔ ከሆነ ነገውኑ አሠራዋለሁ» አለ። አፈሰስኩ፤ ጅረቱ ዳር ቆሜ ጠበቅሁ። ምንም የለም።

«ያኛውስ?» አለኝ፣ በአገጩ ወደ እኛ ግቢ እያመለከተ። ተናደድኩ። እልህ ይዞኝ የእኛው ግቢ የብረት ፍርግርግ ላይ ጨመርኩና ተመለስኩ። ብዙም ሳይቆይ ከአኻያው ሥር ውሃው እንደ ጎመን ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ወጣ።

የግቢ ፍርግርግ ለዝናብ ውሃ ነው፤ የገባበት ሳይጣራ ጅረት ውስጥ ይገባል። ይህን ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይ ጽፌ ነጥብም አግኝቼበታለሁ። እሑድ እሑድ ግን ድስት የማጥበው እናቶቻችን እንዳሳዩን ነበር፤ ውሃ ጉድጓድ ካገኘ ይደፋል፣ አለቀ። የትናንቱን የምስር ድስት እጣቢ እዚያ የደፋሁት እኔው ራሴ ነኝ። አፈርኩ። ከማፈሬ በላይ ፈራሁ፤ አከራዩ በመዝሙራችን ድምፅ የተነሳ በጽሑፍ አስጠንቅቆናል፤ አንድ ክስ ከተጨመረ አዳራሹን እናጣለን። ደብተሬ ላይ «ቀለሙ አልታየም» ብዬ ጻፍኩ። መልሼ ሰረዝኩት።

ረቡዕ ከጸሎት በፊት ለጋሽ ታደለ ሁሉንም ነገርኳቸው። 

«ስም ትጽፊያለሽ?»

«የማንንም አልጽፍም።»

«ነገ ከኃላፊሽ ጋር የያዝሽው ቴርሚን ስንት ሰዓት ነው?»

በማግስቱ በዚያ ሙቀት ከረባት አስረው መጡ። ፍራው ኬለር ፊት ተቀምጠው «ድስቱን ያጠብኩትም እጣቢውን የደፋሁትም እኔ ነኝ፤ ልጅቷ የምታውቀው ነገር የለም በያት» አሉኝ። ጋሽ ታደለ በሕይወታቸው ድስት አጥበው አያውቁም። ያሉትን እንዳለ ተረጎምኩ። ከዚያ በራሴ ስም፣ ይህ እውነት እንዳልሆነና የደፋሁት እኔ መሆኔን ተናገርኩ። ፍራው ኬለር ሁለታችንንም ተራ በተራ አየች። ድስቶቹን ቤታችሁ ወስዳችሁ እጠቡ፣ ሦስት ሰኞ እንለካለን፣ ንጹሕ ከሆነ ለአከራዩ የሚጻፍ ነገር የለም አለች። በቃ፣ ይኸው ነበር።

ባቡር ውስጥ ጋሽ ታደለ በመስኮት እያዩ ጠየቁኝ።

«ከእኔ ይልቅ አንቺ ብዙ ተናገርሽ። ምን ጨመርሽ?»

«እኔ ነኝ የደፋሁት አልኩ።»

«እኔ ሽማግሌው ዋሽቼልሽ?» አሉ ቅር ብሏቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሜንስ ጻፈችው?»

«አልጻፈችውም፣ ጋሽ ታደለ። አይቻለሁ።»

ያኔ ከረባታቸውን ፈቱ።

ሦስቱም ሰኞ ውሃው ንጹሕ ሆነ። እሑድ ማታ የወጥ ድስት ታቅፈን ባቡር ስንሳፈር ሰው ወንበር እየለቀቀልን ይሸሽ ነበር፤ ሴቶቹም እኔ እያለሁ እንደ ድሯቸው ማውራት ጀመሩ።

ይህን ሁሉ ለሊዲያ ስነግራት ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ሶፋው ላይ ሰብስባ ሰማችኝ።

«የጋራዡን ሰውዬ ይቅርታ ጠየቅሽው?»

«አልጠየቅሁትም።»

«ሻዩንስ?»

አልጠጣሁም። ከዚያ ሰኞ በኋላ እንዳያየኝ በጅረቱ ማዶ ነበር የምሄደው። አንድ ቀን እሄዳለሁ እያልኩ ጋራዡ ፈርሶ በቦታው ፎቅ ተሠራ። ኤርካን የት እንደገባ አላውቅም። ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

«እዚያ ባሕሩ ዳር ሻይ ከሰጡሽ ጠጪ» አልኳት።

ሳቀች። ስልኳን አንሥታ ወደ ክፍሏ ስትሄድ ግን አላስችል አለኝ።

«ማን እንደሚሰጥሽ ደውለሽ ንገሪኝ።»